ሳንቲሙ ከፋብሪካ ተሳስቶ ነው የወጣው ወይስ ኋላ ተጎድቶ?

«ይቺ ሳንቲም ስህተት አለባት፣ ስንት ታወጣለች?» ተብለው ከሚለጠፉ ፎቶዎች አብዛኞቹ የተጎዱ ሳንቲሞች ናቸው። መኪና የሄደባቸው፣ መቁጠሪያ ማሽን የቧጨራቸው፣ አሲድ የበላቸው፣ አንዳንዴም ሰው ሆን ብሎ በሞርሳ የጨመቃቸው። ጠያቂው ብዙ ጊዜ የሚከራከረው «እንዲህ ዓይነት አይቼ አላውቅም» ብሎ ነው። ይህ ግን ምንም አያረጋግጥም። ጉዳት መልኩ አያልቅም፤ ሁለት የተጎዱ ሳንቲሞች ፈጽሞ አንድ ዓይነት አይሆኑም። የፋብሪካ ስህተት ግን ማሽኑ ሊሳሳት በሚችልባቸው መንገዶች የተወሰነ ነው፤ እነሱም ተለይተው ይታወቃሉ። ስለዚህ አንድ እንግዳ ነገር ስታዩ ራሳችሁን መጠየቅ ያለባችሁ «ይህ በየትኛው የሥራ ደረጃ ላይ ሊፈጠር ይችላል?» ብላችሁ ነው። ደረጃውን መጥራት ካልቻላችሁ፣ በጉዳት ያዙት።

ደረጃዎቹ እነዚህ ናቸው። የብረት ጥቅል ተዘርግቶ በመብሻ ክብ ክብ ተደርጎ ይቆረጣል። ባዶው ክብ በምድጃ ይለሰልሳል፣ ይታጠባል፤ ከዚያም በጎኑ እየተንከባለለ የሚጫነው ማሽን ውስጥ ያልፍና ዙሪያው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ጠርዝ የምንለው እሱ ነው። በመጨረሻ መምቻው ውስጥ ይገባል። ከላይ አንድ ማህተም፣ ከታች አንድ ማህተም፣ ዙሪያውን ደግሞ ብረቱ ወደ ውጭ እንዳይሸሽ የሚያቅፍ ቀለበት አለ። ሦስቱ በአንድ ቅጽበት ይጨምቁታል። የጎኑን ጥርስ የሚያወጣውም ይሄው ቀለበት ነው። የዛሬ ፈጣን መምቻዎች በደቂቃ እስከ 750 ሳንቲም ይመታሉ፤ ስለዚህ አንድ ነገር ሲበላሽ ሰው ደርሶ እስኪያቆመው ብዙ ሳንቲም ይወጣል።

እንግዲህ ስህተት ወይ ከባዶው ክብ፣ ወይ ከማህተሙ፣ ወይ ከምቱ ይመጣል። አራተኛ ምንጭ የለውም። ልብ በሉ፣ ምቱ ሁለቱንም ፊት እኩል ነው የሚጨምቀው። በአንደኛው ፊት ላይ የሆነ ነገር ብዙ ጊዜ በሌላኛው ፊት በትክክል ተቃራኒው ቦታ ላይ ምልክት ይተዋል። ከታች የምታነቧቸው ምርመራዎች አብዛኞቹ የተመሠረቱት በዚህ ላይ ነው።

መሣሪያው

10 ጊዜ የሚያጎላ አጉሊ መነፅር፣ እስከ 0.01 ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛን፣ ካሊፐር (ስፋትና ውፍረት መለኪያ)፣ ማግኔት፣ ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣ መብራት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዚያው ዓይነትና የዚያው ዘመን የሆነ ደህና ሳንቲም። የመጨረሻውን ሰዎች ይዘሉታል። ሳንቲሙ ጎን ለጎን ካልተነጻጸረ ግን ዓይን ያታልላል።

ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኙት ዲጂታል ማይክሮስኮፖች ከጥቅማቸው ጉዳታቸው ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ቢያንስ ለጀማሪ። 200 ጊዜ ሲጎላ እያንዳንዱ ጭረት ገደል፣ እያንዳንዱ አቧራ ተራራ ይመስላል። ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ድርብ ማህተም ወይም የማህተም ስንጥቅ በ10 ማጉላት ይታያል።

መብራቱን ከጎን አድርጉና ሳንቲሙን ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ብዙ ባልተያዘ ሳንቲም ላይ በምቱ ጊዜ ብረቱ ሲፈስ የፈጠረው ጸዳል ብርሃኑን እየተከተለ ይዞራል። ያ ጸዳል በተጠረጠረው ቦታ ላይ ሳይቋረጥ ካለፈ፣ ቦታው በምቱ ጊዜ የተፈጠረ ነው። ድንገት ደብዝዞ ወይም ትኩስ ብልጭ ብሎ ከተቋረጠ፣ ከምቱ በኋላ አንድ ነገር ነክቶታል ማለት ነው።

ሳንቲሙን ግን አታጽዱት። በሎሚም፣ በጥርስ ሳሙናም፣ በምንም። ጸዳሉ ከጠፋ ዋናው ማስረጃ አብሮት ይጠፋል።

ከፍ ያለና የሰመጠ

መጀመሪያ የምታዩት ምልክቱ ከሜዳው (ምስልም ጽሑፍም ከሌለበት ጠፍጣፋ ክፍል) ከፍ ብሎ እንደሆነ ወይም ወደ ውስጥ ሰምጦ እንደሆነ ነው። ማህተሙ የሳንቲሙ ግልባጭ ነው። ማህተሙ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ጎድጎድ ይላል፤ ብረቱ ገብቶ ይሞላውና ሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ ቀጭን መስመር ሆኖ ይወጣል። የማህተም ስንጥቅ፣ የማህተም ጭረት፣ የማህተም ስብራት፣ ሁሉም ሳንቲሙ ላይ ከፍ ያሉ ናቸው። ሳንቲሙ ራሱ ሲቧጨር ግን መስመሩ ይሰምጣል፤ የተገፋው ብረትም የትም አይጠፋም፣ በመስመሩ ግራና ቀኝ ትንሽ ግድግዳ ሆኖ ይቆማል። ይህችን ግድግዳ በአጉሊ መነፅር ካያችሁ ጉዳዩ አለቀ፣ ጉዳት ነው።

ሁለት ለየት ያሉ አሉ። አንደኛው፣ በማህተሙና በባዶው ክብ መካከል ባዕድ ነገር ገብቶ የተመታ ሳንቲም ነው፤ ሽቦ፣ ክር፣ ጨርቅ፣ የብረት ፍቅፋቂ ሊሆን ይችላል። ይህ የሰመጠ ሆኖ ሳለ እውነተኛ ስህተት ነው። የሚለየው ያ የተገፋ ብረት ግድግዳ ስለሌለው ነው፤ ብረቱ በምቱ ጊዜ ተጨምቆ ሌላ ቦታ ሄዷል። የጉድጓዱ ታች ብዙ ጊዜ የገባውን ነገር ቅርጽ ይዟል፤ ጨርቅ ከነበረ የድርና ማጉ መረብ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሁለተኛው ከፍ ብሎ ሳለ የማህተም ስህተት ያልሆነው ነው። የአሜሪካ ባለ 1 ሳንቲም ከ1982 ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ እዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ውስጡ 99.2 በመቶ ዚንክ ሆኖ ላዩን ብቻ ስስ መዳብ የተለበጠ ነው። ከልባጩ ሥር አየር ሲቀር መዳቡ ይነፋል፤ ፊደል አጠገብ ከተነፋ ሰው «ድርብ ፊደል» ይለዋል። በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት በቀስታ ሲጫኑት ከሰመጠ የአየር እብጠት ነው፤ የማህተም ስንጥቅ ግን ድፍን ብረት ስለሆነ አይነቃነቅም። በእርግጥ እብጠቱም የተፈጠረው ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ነገር ግን በጣም ብዙ ስለሆነ ሳንቲሙ ላይ ከተጻፈው ዋጋ በላይ የሚከፍልበት የለም። ልባጩ የተቀደደ ዚንክ ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ይበሰብሳል። ቀዳዳ፣ ግራጫ ቁስል፣ የተበላ ጠርዝ፣ ይሄ ሁሉ ዝገት ነው።

የማህተም ስብራት ጠርዙ ድረስ ሲደርስ ከጠርዙ ጋር የተያያዘ ምንም ምስል የሌለበት ጉብታ ይፈጥራል። ይህን ለማስመሰል እርሳስ ወይም ቆርቆሮ የሚያንጠባጥቡ አሉ። ሳንቲሙን ገልብጡትና ከጉብታው ጀርባ ያለውን ቦታ እዩ። እውነተኛ ከሆነ ብረቱ ወደ ስብራቱ ስለሸሸ በጀርባው ያለው ፊደል ወይም ምስል ደካማ ይሆናል። ጀርባው እንደ ደህና ሳንቲም ሙሉ ሆኖ ከወጣ ጉብታው ኋላ የተጨመረ ነው።

የተቆረጠ የሚመስለው

መብሻው ጥቅሉ ሳይገፋ ሲቀር ቀድሞ በተበሳው ቀዳዳ ላይ ደርቦ ይቆርጣል፤ ባዶው ክብ ከጎኑ የጨረቃ ቅርጽ ጎድሎት ይወጣል። በመቁረጫ ወይም በሞረድ አስመስሎ መሥራት ቀላል ስለሆነ ሐሰተኛው ብዙ ነው። እውነተኛውን ግን አራት ነገር ይመሰክርለታል።

ጉድለቱን የቆረጠው ያው መብሻ ስለሆነ፣ የቅስቱ ኩርባ ከሳንቲሙ ኩርባ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። የዚያኑ ዓይነት ደህና ሳንቲም ጉድለቱ ውስጥ ብታስጠጉ ገጥሞ መቀመጥ አለበት። በትንሽ ሞረድ የተፋቀ ጉድለት ብዙ ጊዜ ጠበብ ይላል ወይም ወጣ ገባ ይሆናል።

ቀጥሎ ጉድለቱ አጠገብ ያሉትን ፊደሎች ተመልከቱ። ሳንቲሙ ሲመታ ጉድለቱ ቀድሞ ስለነበረ ብረቱ ወደ ባዶው ቦታ ይሸሻል፤ ፊደሎቹ ወደ ጉድለቱ እየቀረቡ ሲሄዱ እየሳሱ፣ እየተለጠጡ፣ ቅርጻቸው እየሟሸሸ ይሄዳል። ከተመታ በኋላ የተቆረጠ ሳንቲም ላይ ፊደሉ እስከ መቁረጫው መስመር ሙሉ ሆኖ ይመጣና እዚያው ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ሦስተኛው ምልክት የሚገኘው ሰው በማይጠብቀው በኩል ነው፤ ከጉድለቱ በትክክል ተቃራኒ። ጠርዝ የሚያነሳው ማሽን ባዶውን ክብ ከሁለት በኩል ጨምቆ ነው የሚያንከባልለው። ጎድሎ ያለው ቦታ ሲደርስ የሚጫነው ነገር ስለማያገኝ፣ ከፊት ለፊቱ ያለው ጎንም ግፊት አጥቶ ጠርዙ ሳይነሳ ይቀራል። ሳንቲሙ ሲመታ እዚያ ያለው ጠርዝ ደብዛዛ ወይም ጠፍጣፋ ይሆናል። ይህን በሞረድ ማስመሰል አይቻልም፤ አስመሳዮችም ብዙ ጊዜ አያውቁትም። ነገር ግን በጣም ትንሽ ጉድለት ላይ ምልክቱ ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ መኖሩ ትልቅ ማስረጃ ነው፣ አለመኖሩ ብቻውን ግን ሐሰት አያሰኝም።

አራተኛው ክብደት ነው፤ የጎደለ ነገር መቅለል አለበት። ለማነጻጸሪያ የአሜሪካ ባለ 25 ሳንቲም 5.67 ግራም፣ ባለ 5 ሳንቲም 5.00 ግራም፣ ባለ 1 ሳንቲም ደግሞ ዚንኩ 2.50፣ ቀድሞ የነበረው ነሐሱ 3.11 ግራም ነው። ዚንኩ ላይ 0.10 ግራም ወዲያና ወዲህ ማለት የተፈቀደ ልዩነት ነው፤ ስለዚህ 2.46 ስላገኛችሁ «ቀላል ባዶ ክብ» ብላችሁ አትደሰቱ።

ድርብ ሆኖ የሚታየው

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አንድ ዓይነት ስለሚመስሉ።

እውነተኛው ድርብ ማህተም የሚፈጠረው ሳንቲሙ ሲመታ ሳይሆን ማህተሙ ሲሠራ ነው። ማህተሙ የሚቀረጸው ምስሉን ከፍ አድርጎ በያዘ እናት ቅርጽ ተጭኖ ነው። ድሮ አንድ ጭነት ስለማይበቃው ማህተሙ እንደገና ተለስልሶ ዳግም ይጫን ነበር። ሁለተኛው ጭነት ትንሽ ዘወር ብሎ ከወደቀ ማህተሙ ሁለት ምስል ይይዛል፤ ከዚያ ማህተም የሚወጣ ሳንቲም ሁሉ ያንኑ ድርብርብ ይዞ ይወጣል። በጣም የታወቀው የ1955 የአሜሪካ ባለ 1 ሳንቲም ነው፤ በፊተኛው ገጹ ላይ ዓመቱና ጽሑፎቹ ያለ አጉሊ መነፅር ሁለት ሁለት ሆነው ይታያሉ፣ የኋለኛው ገጽ ግን ደህና ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአንድ ጭነት መሥራት ስለተለመደ ድርብ ማህተም ፈጽሞ አልጠፋም፣ ግን ትንሽ ሆኗል፤ ብዙ ጊዜም የሚገኘው የምስሉ መካከል አካባቢ ነው።

ሁለተኛው የመንቀጥቀጥ ድርብርብ ነው። ማህተሙ በማሰሪያው ውስጥ ከላላ፣ ምቱ እንዳለቀ ሲለቅ ነጥሮ ወይም ተንሸራቶ አሁን የወጣውን ፊደል ጎን ይገፋዋል። መምቻው ውስጥ የሆነ ቢሆንም ሰብሳቢዎች ዋጋ አይሰጡትም፤ እጅግ ብዙ ነው።

ሦስተኛው ያረጀ ማህተም ድርብርብ ነው። ማህተሙ ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ ከመታ በኋላ የፊደሎቹ ዳር ይበላል፣ ይሰፋል፤ በፊደሉ ዙሪያ ጥላ የሚመስል ቅርጽ አልባ ድርብርብ ይወጣል። ሜዳው ላይም ወደ ጠርዙ የሚሄዱ የብረት ፍሰት መስመሮች ይበዛሉ።

አንዱን ከሌላው ለመለየት አንድ ፊደል ምረጡና ቀጥ ካለው ዘንግ ላይ አተኩሩ። እውነተኛ ድርብ ማህተም ከሆነ ሁለተኛው ምስል እንደ መጀመሪያው ክብ ያለ ጀርባና የራሱ ከፍታ አለው። የፊደሉ ጥግ ላይ ሁለቱ ምስሎች የሚለያዩበት ትንሽ ሹካ የመሰለ ስንጥቅ ታያላችሁ። የፊደሉ አጠቃላይ ውፍረት ደግሞ ከደህናው ሳንቲም ይበልጣል፤ ተጨምሮበታልና። የመንቀጥቀጡ ግን የሚሠራው ከነበረው ፊደል ላይ ቆርሶ ነው። ስለዚህ ፊደሉ ከደህናው ይቀጥናል፤ ከጎኑ ያለው «ሁለተኛ ምስል» ወደ ሜዳው ወርዶ የተኛ፣ ጠፍጣፋ፣ ብዙ ጊዜም የሚያብረቀርቅ ደረጃ ነው። ያረጀው ማህተም ደግሞ ሹካም የለው፣ ደረጃም የለው፤ ዝም ብሎ ያበጠ ነው።

የ1955 ሳንቲም ራሱ ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ከታዋቂው ድርብ ማህተም ሌላ፣ በዚያው ዓመት ባረጀ ማህተም የተመቱ፣ የዓመቱ የመጨረሻ 5 ቁጥር ብቻ ድርብ የሚመስልባቸው ሳንቲሞች አሉ። የድሃው ድርብ ማህተም እየተባሉ ይሸጣሉ። ሻጩ ስሙን በግማሽ ከጻፈው ገዢው ይሳሳታል፤ የዋጋቸው ልዩነት ደግሞ የሰማይና የምድር ነው።

ሁለቴ የተመታ ሳንቲም ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ሳንቲሙ ከተመታ በኋላ ሳይወጣ ቀርቶ ዳግም ሲመታ፣ የመጀመሪያው ምስል ከሁለተኛው ሥር ተደፍጥጦ ይቀራል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ፊት ይታያል።

ቅርጹ የተዛባ

ከመሃል ወጥቶ የተመታ ሳንቲም አንድ ጎኑ ባዶ ነው፤ ባዶነቱም በሁለቱም ፊት በአንድ ቦታ መገናኘት አለበት። አንደኛው ፊት ብቻ ባዶ ሆኖ ጀርባው ሙሉ ምስል ካለው ብዙውን ጊዜ ተፍቋል ማለት ነው። ያልተመታው ክፍል ላይ ባዶው ክብ በማሽን ያገኘው የተነሳ ጠርዝ ሳይነካ መታየት አለበት።

ቀለበቱ ሳይነሳ ቀርቶ የተመታ ሳንቲም ይሰፋል። ምስሉ ሁሉ አለ፣ ጎኑ ልስልስ ነው፣ ጥርስ የለውም፣ ክብደቱ ትክክል ነው፤ ዲያሜትሩ ብቻ ጨምሯል። የዚህ አስመሳይ ሳንቲሙን በቆዳ መካከል አድርጎ በመዶሻ መቀጥቀጥ ነው። የተቀጠቀጠውም ይሰፋል፣ ክብደቱም አይለወጥም፤ ነገር ግን ፊደሎቹ አብረው ይሰፋሉ፣ ጥራታቸውን ያጣሉ፣ ጸዳሉም ይሞታል። ቀለበት አጥቶ የተመታው ላይ ፊደሎቹ ስለት አላቸው።

ከፎቶዎቹ ሁሉ በብዛት የሚመጣው ግን የልብስ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ተጣብቆ የከረመው ነው። ለወራት ሲንከባለል ጠርዙ ይወፍራል፣ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ጥርሱ ይጠፋል፣ ጠርዝ አጠገብ ያሉ ፊደሎች ይዋጣሉ። ካሊፐር ያዙበት፦ ከደህናው ሳንቲም ጠቧል፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ወፍሯል። ቀለበት ውስጥ የተመታ ሳንቲም ሊጠብ አይችልም፤ ዲያሜትሩን የሚወስነው ቀለበቱ ነው።

ይኸው ሐሳብ ለአሲድም ይሠራል። አሲድ ውስጥ የከረመ ሳንቲም ቀጭንና ቀላል ስለሚሆን «ስስ ባዶ ክብ ላይ የተመታ» ይባላል። በእውነት ስስ በሆነ ክብ ላይ የተመታ ሳንቲም ግን ዲያሜትሩ ሙሉ ነው፤ የደከመው ብረት ያልበቃው የምስሉ ከፍተኛ ክፍል ነው። አሲድ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይበላል፤ ዲያሜትሩም ይቀንሳል፣ ፊደሉም ይቀጥናል፣ ላዩም ሸካራ ይሆናል።

በሞርሳ የተጨመቁት ደግሞ የተለየ ዓይን ይፈልጋሉ። ሁለት ሳንቲም ተደራርበው ሲጨመቁ የአንዱ ጽሑፍ በሌላው ላይ ተገልብጦና ሰምጦ ይታተማል። ችግሩ፣ በእውነትም እንዲህ የሚያደርግ ስህተት አለ፦ የተመታው ሳንቲም ማህተሙ ላይ ተጣብቆ ሲቀር ቀጣዩን ባዶ ክብ ራሱ ይመታዋል፤ ያኛው በአንድ ፊቱ የተገለበጠና የሰመጠ ምስል ይዞ ይወጣል። ልዩነቱ፣ በዚህ ስህተት ያ ፊት የራሱ ትክክለኛ ምስል አይኖረውም፣ ሌላኛው ፊቱ ግን እንደ ደንቡ ተመትቷል። የሞርሳው ላይ የራሱ ምስል ተደፍጥጦ ከሥር ይታያል፤ በሞርሳው መንጋጋ የተነካው ፊትም ከፍ ያሉ ቦታዎቹ ጠፍጣፋ ሆነዋል።

ሁለቱ ማህተሞች መካከል ባዶ ክብ ሳይገባ እርስ በርስ ሲላተሙም የተቃራኒው ፊት ምስል ንድፍ ሜዳው ላይ ይቀራል። የዚህኛው መለያ ከፍ ባለው የምስሉ ክፍል ላይ ፈጽሞ አለመታየቱ ነው። ምስሉን የሚያወጣው የማህተሙ ጎድጓዳ ክፍል ስለሆነ፣ በግጭቱ ጊዜ አይነካም። ጉንጭ ወይም ፀጉር ላይ የተገለበጠ ፊደል ካያችሁ ሞርሳ ነው።

የጎደለና የተፋቀ

ቅባትና ቆሻሻ የማህተሙን ጎድጓዳ ሲሞላው ፊደል ይጠፋል ወይም ይደክማል። እውነተኛው መጥፋት ቀስ እያለ ነው፤ ሜዳው ያለ ጭረት ይቀጥላል። በመርፌ ወይም በሞረድ የተፋቀው ቦታ ትይዩ ጭረቶች አሉበት፣ በብርሃን ሲዞርም ጎድጎድ ይላል። በ1922 የአሜሪካን ባለ 1 ሳንቲም የመታው የዴንቨር ፋብሪካ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ የፋብሪካው ምልክት የሌለው የዚያ ዓመት ሳንቲም የተበላሸ ማህተም ውጤት ነው። ምልክቱን ፍቀው የሚሸጡም ስላሉ፣ ከምንም በፊት ከዓመቱ ቁጥር በታች ያለውን ሜዳ መመርመር ያስፈልጋል።

የ1937 ዴንቨር ባለ 5 ሳንቲም፣ ባለ ሦስት እግር ጎሽ የሚባለው፣ የተፈጠረው ማህተሙ ከልክ በላይ ተሞርዶ የአንደኛው የፊት እግር ሥፍራ ስለጠፋ ነው። ሐሰተኞቹ ከደህና ሳንቲም ላይ እግሩን ይፍቃሉ። እውነተኛው ላይ ግን ከጎሹ ሆድ ሥር ወደ መሬቱ የሚወርዱ ከፍ ያሉ ጥቃቅን ነጥቦች መስመር አለ። ከፍ ያለ ነገር ከማህተም ነው የሚመጣው፤ የሚፍቅ ሰው ብረት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ብረቱ ያልሆነው

በ1943 የአሜሪካ ባለ 1 ሳንቲም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ዚንክ ከተለበጠ አረብ ብረት (ስቲል) ነበር የሚሠራው፤ ክብደቱ 2.70 ግራም ነው፣ ማግኔትም ይስበዋል። ጥቂቶች በስህተት በነሐስ ክብ ላይ ተመትተዋል፤ ሰው ሁሉ የሚያልመው እነሱን ነው። መዳብ የተቀባው ብረት በማግኔት ይጋለጣል። ማግኔት ካልሳበውና 3.11 ግራም አካባቢ ከመዘነ የዓመቱን ቁጥር እዩ፦ የ1948 ሳንቲም 8 ግራ ጎኑ ተፍቆ 3 እንዲመስል ይደረጋል። የእውነተኛው 1943 3 ቁጥር ጅራቱ ረጅም ነው፣ ከሌሎቹ ቁጥሮች ዝቅ ብሎ ይወርዳል፤ ከ8 የተሠራው አጭር ነው።

አንድ ፊቱ መዳብ የመሰለ የአሜሪካ ባለ 25 ሳንቲም ካገኛችሁ ሚዛኑ ይፈርዳል። ሳንቲሙ የመዳብ እምብርት ሆኖ በሁለት በኩል የመዳብና ኒኬል ቅልቅል የተለበጠ ነው፤ እያንዳንዱ ልባጭ የክብደቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ነው። አንዱ ከጎደለ 4.7 ግራም አካባቢ መምጣት አለበት። 5.6 ከመዘነ መሬት ውስጥ ወይም ኬሚካል ውስጥ ቀለሙን የቀየረ ነው።

ሁለት ዓይነት ብረት ያላቸው ሳንቲሞች ላይ መሃለኛው ከቦታው የተንሸራተተ የሚመስልበት ጊዜ አለ። መጋጠሚያውን በአጉሊ መነፅር ተከተሉት፦ መሃሉና ቀለበቱ የሚጋጠሙት በዚያው ምት ስለሆነ፣ እውነተኛ ከሆነ ምስሉ ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው ሳይቆራረጥ ይሻገራል። መስመሩ ከተሰበረ፣ ወይም መጋጠሚያው ላይ የመዶሻ ምልክት ካለ፣ መሃሉ ወጥቶ እንደገና የገባ ነው።

በሁለቱም ፊት አንድ ዓይነት ምስል ያለው ሳንቲም፣ ማለት ይቻላል ሁልጊዜ፣ የአስማተኛ መጫወቻ ነው። አንዱ ሳንቲም በቶርኖ ውስጡ ይቦረቦራል፣ ሌላው ተሞርዶ ይገባበታል። መጋጠሚያው ጎኑ ላይ አይደለም፣ ከጠርዙ ውስጠኛ ዳር ጋር ተደብቆ ይዞራል፤ ጠንካራ ነገር ላይ ሲጥሉትም ድምፁ የታፈነ ነው። ማህተም ተሳስቶ የተጣመረባቸው እውነተኛ ሳንቲሞች ግን አሉ። የእንግሊዝ የ2008 ባለ 20 ፔንስ አዲሱ የኋላ ገጽ ከአሮጌው የፊት ገጽ ጋር ስለተጣመረ ጭራሽ ዓመት የለውም። በአሜሪካም በ2000 ባለ 1 ዶላር ሳንቲም የ25 ሳንቲሙን የፊት ገጽ ይዞ ወጥቷል።

እንዲህ ያለውን ነገር ሌላ ሰው እንዲያይላችሁ ፎቶ ስታነሱ፣ ሁለቱንም ፊት ሙሉ በሙሉ፣ ጎኑን፣ ከዚያ የተጠረጠረውን ቦታ አቅርባችሁ አንሱ፤ ክብደቱንና ዲያሜትሩን ጻፉ። ቅርብ ፎቶ ብቻውን ሲላክ ማንም ምንም ማለት አይችልም፣ ምክንያቱም መልሱ ብዙ ጊዜ ያለው በጀርባው ነው። እንደ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ ላሉ መርማሪ ድርጅቶች ለመላክ የምታስቡ ከሆነ ደግሞ ክፍያውንና መላኪያውን አስቀድማችሁ አስሉ፤ ለትንሽ የማህተም ስንጥቅ ወይም ለአየር እብጠት የሚወጣው ወጪ ሳንቲሙ ከሚያወጣው በላይ ነው።